የአንድ ምልልስ ጊዜ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ። አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የግድግዳ ሰዓት ፈተዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ነገ የምታስረክበው የፊዚክስ ላብ ሪፖርት አለባት። ደብተሯን ታቅፋ መጣች።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ ካላስፈታሁዎት አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።

ሰዓት ሠሪው፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። በርጩማዋን ሳቢና ተቀመጪ። ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?

ተማሪዋ፦ የፔንዱለም ላብ ሠርተን ነበር። አንድ ሜትር ክር ጫፍ ላይ ክብደት አንጠልጥለን፣ ሃያ ጊዜ እስኪመላለስ ሰዓት ይዘን፣ ከዚያ ተነሥተን የመሬትን ስበት ማውጣት ነው። መጽሐፉ 9.8 ይላል። የኔ 10.8 መጣ። የክፍሌ ልጆች በሙሉ 9.8 አምጥተዋል።

ሰዓት ሠሪው፦ በሙሉ?

ተማሪዋ፦ ከመልሱ ተነሥተው ወደ ኋላ ነው የሠሩት። እኔም 38.2 ሰከንድ የሚለውን 40.1 ብዬ ብጽፈው ያልቃል። ግን ስሕተቱ የት እንዳለ ሳላውቅ መሰረዙ ከበደኝ።

ሰዓት ሠሪው፦ እንዳትሰርዢው። ጥፋቱን ፈልገሽ የምታገኚው በዚያው ቁጥር ነው፤ ከሰረዝሽው በምን ትደርሺበታለሽ? በይ ቀመሩን ንገሪኝ። እኔ ይኼን ነገር የማውቀው በእጄ ነው፤ በወረቀት አልተማርኩትም።

ተማሪዋ፦ ቲ እኩል ይሆናል ሁለት ፓይ ሲባዛ በስኩዌር ሩት ኤል ሲካፈል ለጂ። ቲ አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ኤል ርዝመቱ፤ ጂ ስበቱ።

ሰዓት ሠሪው፦ ፈተና ላይ ከላይ የሚቀመጠው ኤል ይሁን ጂ ቢጠፋሽስ?

ተማሪዋ፦ ያኔማ አለቀልኝ።

ሰዓት ሠሪው፦ አያልቅልሽም። ይኼን ሰዓት እዪው። ሲቀድም የፔንዱለሙን ክብደት ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ ይዘገያል። ወደ ኋላ ሲቀር ከፍ አደርገዋለሁ፣ ይፈጥናል። ርዝመት ሲጨምር ጊዜው ይረዝማል ማለት ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ ከላይ ነው። አጥብቆ የሚስብ መሬት ደግሞ ቶሎ ይመልሰዋል፣ ጊዜውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ስበቱ ከታች ነው።

ተማሪዋ፦ በመለኪያውም ይወጣል ለካ! ርዝመት በሜትር ነው፤ ስበት በሜትር ለሰከንድ ካሬ። ሜትር ከሜትር ሲጠፋፋ የሚቀረው ሰከንድ ካሬ ነው፤ ስኩዌር ሩት ሲገባበት ሰከንድ ይሆናል። ጂ ከላይ ቢሆን ኖሮ ጊዜ አይወጣም ነበር። ኪሎ ግራም ደግሞ የሚጠፋፋበት ጓደኛ ስለሌለው ጭራሽ ሊገባ አይችልም።

ሰዓት ሠሪው፦ እሱን ካነሣሽ አይቀር፣ ብዙ ሰው አያምንም። ከባድ ነገር ዝግ ብሎ ነው የሚወዛወዘው ይሉኛል። አንቺ ግን ታምኚያለሽ ወይስ ስለተጻፈ ብቻ ነው የተቀበልሽው?

ተማሪዋ፦ አምናለሁ። አባቴ ቡና ሲያስጭን አያለሁ። አንድ ፈረሱላ የጫነውን ጋሪ አንድ ሰው ቢገፋው፣ ሁለት ፈረሱላ የጫነውን ሁለት ሰው ቢገፋው፣ ሁለቱ ጋሪዎች እኩል ይነሣሉ። መሬትም እንዲሁ ናት፤ ዕቃው እጥፍ ሲከብድ የምትስብበት ኃይልም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «50 ግራም የሚመዝን ኳስ» ብሎ ሲጀምር 50ውን የትም አላስገባውም።

ሰዓት ሠሪው፦ የማያስፈልግ ከሆነ ለምን ይሰጡታል?

ተማሪዋ፦ የተሰጠውን ቁጥር ሁሉ ቀመሩ ውስጥ ካልከተተ ያጎደለ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። የቱን እንደምንተው ማወቃችንን ሊያዩ ነው የሚሰጡን።

ሰዓት ሠሪው፦ ደግ ፈተና ነው። በይ ወደ 10.8ሽ እንመለስ። ያን ጓጉንቸር አቀብዪኝ፤ ሲባጎ መሳቢያው ውስጥ አለ። ከበረንዳው አግዳሚ ላይ አስሪው። ሜትሩ ይኸውና።

ተማሪዋ፦ አንድ ሜትር ሞላ።

ሰዓት ሠሪው፦ ከየት እስከ የት ለካሽው?

ተማሪዋ፦ ላይ ከታሰረበት እስከ ታችኛው ቋጠሮ።

ሰዓት ሠሪው፦ ጓጉንቸሩ እኮ ከቋጠሮው በታች ነው የተንጠለጠለው። መለካት ያለብሽ እስከ ወገቡ፣ ክብደቱ እስከተሰበሰበበት ድረስ ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ትተሻል።

ተማሪዋ፦ 3 ሳንቲ ሜትር ከተተወ ስበቱ 9.5 ይወጣል፤ ወደ ታች ነው የሚወስደው። የኔ ግን ወደ ላይ ነው የሄደው። ላብ ውስጥ የነበረችው ደግሞ ትንሽ የብረት ኳስ ናት፤ እስከ መሐሏ ነበር የለካሁት።

ሰዓት ሠሪው፦ እንግዲያው ከርዝመቱ አይደለም። ሲባጎውን ሰብሰብ አድርገሽ የጓጉንቸሩን ወገብ ልክ አንድ ሜትር ላይ አምጪው። አሁን ላብ ውስጥ ያደረግሽውን አድርጊ። ጮክ ብለሽ ቁጠሪልኝ።

ተማሪዋ፦ (ጓጉንቸሩን ጥቂት ስባ እየለቀቀች) አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሰዓት ሠሪው፦ ቆይ። «አንድ» ያልሽው መቼ ነው?

ተማሪዋ፦ ስለቀው።

ሰዓት ሠሪው፦ ስትለቂው ስንት ጊዜ ተመላልሶ ነበር?

ተማሪዋ፦ ገና ምንም... ወይኔ ጋሼ! «ሃያ» ስል የተመላለሰው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። 38.2ን ለ20 አካፍዬ 1.91 አመጣሁ። ለ19 ሲካፈል ግን 2.01 ነው። ካሬው 4.04። አራት ፓይ ካሬ 39.48 ነው፤ ለ4.04 ሲካፈል... 9.77።

ሰዓት ሠሪው፦ አየሽ፣ 38.2 ምንም አልበደለም፤ ልትሰርዢ የነበረው ግን እሱን ነው። ሰዓቱን ስታስነሺ «ዜሮ» በዪ። ደግሞ ሰዓቱን ጫፍ ላይ አትያዢው። ጫፍ ላይ ቆም ስለሚል ዓይን ይታለላል። መሐል ላይ ሲያልፍ በጣም ፈጣን ነው፤ የአግዳሚውን ምሰሶ ሲያቋርጥ ያዢው።

ተማሪዋ፦ (በሞባይሏ ደጋግማ ከለካች በኋላ) አንዱ 40.3 መጣ፣ አንዱ 40.1። የመጀመሪያው 9.72 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 9.82። በ0.2 ሰከንድ ልዩነት ይኼን ያህል?

ሰዓት ሠሪው፦ የጣትሽ ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪነካ ድረስ ትንሽ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቸኩላል።

ተማሪዋ፦ 0.2 ከ40 ሰከንድ ግማሽ በመቶ ነው። ቀመሩ ውስጥ ግን ቲ በካሬ ስለሚገባ ስበቱ ላይ እጥፍ ሆኖ አንድ በመቶ ይሆናል። አንድ ምልልስ ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ያው 0.2 ከ2 ሰከንድ ላይ አሥር በመቶ፣ ስበቱ ላይ ሃያ በመቶ ነበር። ሃያ ጊዜ የሚያስቆጥሩን ለዚህ ነዋ። ለካ መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው።

ሰዓት ሠሪው፦ አሁን ያገኘሽውን በቃልሽ ያዢው፤ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሰከንድ።

ተማሪዋ፦ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወጣልኝ የለ! ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሁለት እጥፍ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር አንድ ሰከንድ፤ 4 ሜትር አራት ሰከንድ። ጨረቃ ላይ ስበቱ የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህላል፤ የስድስት ስኩዌር ሩት 2.45 ነው፤ ያው አንድ ሜትር እዚያ 4.9 ሰከንድ ይወስድበታል። ካልኩሌተር ሳልነካ መልሴ የት አካባቢ መውደቅ እንዳለበት አውቃለሁ። የአንድ ሜትር ፔንዱለም ጊዜ 0.5 ሰከንድ ከወጣልኝ የሆነ ቦታ አበላሽቻለሁ ማለት ነው።

ሰዓት ሠሪው፦ ወደ ኋላስ ይሠራል? ጊዜውን ይዤ ርዝመቱን ላገኝ እችላለሁ?

ተማሪዋ፦ ይሠራል። ጊዜውን በራሱ አባዝቶ ለአራት ማካፈል ነው፤ በሜትር ይመጣል። ልጆቹ ዛፍ ላይ የሰቀሉት ዥዋዥዌ ሄዶ ለመመለስ አራት ሰከንድ ከፈጀበት፣ አራት በአራት አሥራ ስድስት፣ ለአራት ሲካፈል አራት ሜትር። ቅርንጫፉ ላይ መውጣት አያስፈልግም። የተቀመጠው ልጅ ሲቆም ግን ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ርዝመቱ ያጥራል፤ ዥዋዥዌውም ይፈጥናል።

ሰዓት ሠሪው፦ ይቺ ለአናጢም ለኔም የምትሆን ናት። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። 9.77 ነው ያገኘሽው፤ መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ አንዳንዱም 9.81 ይላል። የቱ ነው እውነቱ?

ተማሪዋ፦ በኔ ልኬት አንድ በመቶ ስሕተት ካለ ሁሉንም ያቅፋቸዋል። በሞባይልና በጓጉንቸር አይለይም።

ሰዓት ሠሪው፦ በሰዓት ግን ይለያል። ከሙያችን ታሪክ አንዱን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1656 ያሠራው ክርስቲያን ሁይገንስ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓቶች በቀን ሩብ ሰዓት ቢሳሳቱ አያስገርምም ነበር፤ የእሱ ወደ ሰከንዶች አወረደው። ታዲያ በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ ከዋክብት ሊመለከት ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ካዬን ተላከ። ፓሪስ ላይ በትክክል የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ሄደ። ካዬን ሲደርስ ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ምንም አልተሰበረም። ልክ ለማምጣት ፔንዱለሙን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ነበረበት።

ተማሪዋ፦ ስበቱ አንሶ ነው!

ሰዓት ሠሪው፦ ልኬቱን የተጠራጠሩ ነበሩ። ኒውተን ግን በ1687 ባወጣው መጽሐፉ ይኼን ነገር ማስረጃ አደረገው፤ መሬት ወገቧ ላይ ወጣ ያለች፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት፣ ወገቧም ላይ በመሽከርከሯ የተነሣ ስበቷ ይላላል ብሎ። አንድ ሰው ሰዓት ወደ ኋላ ቀረብኝ ብሎ ሳያስተካክለው በፊት በትክክል ስለመዘገበ የመሬት ቅርጽ ታወቀ። እኔ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ካዬን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ጅማስ?

ተማሪዋ፦ 7 ዲግሪ ተኩል አልፎ። በዚያ ላይ እኛ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ብለናል፤ ከፍታ ሲጨምርም ስበት ይቀንሳል። ይቆዩኝ፣ ላስላው። ለኬክሮሳችን ከተቀመጠው ስበት ላይ ለእያንዳንዱ ሺህ ሜትር 0.003 ሲቀነስ... ጅማ ወደ 9.78 ገደማ ይመጣል። ፓሪስ 9.81 ነው። አብዛኛው ልዩነት ከኬክሮሱ ነው፤ የቀረው ከከፍታው። 0.03 ከ9.81 ላይ ሦስት በሺህ ነው። ስኩዌር ሩት ትንሽ ለውጥን በግማሽ ስለሚቆርጠው ጊዜው ላይ አንድ ተኩል በሺህ ይሆናል። ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነው፤ ሲባዛ 130 ሰከንድ።

ሰዓት ሠሪው፦ ፓሪስ ላይ ልክ የነበረ ሰዓት መንደራ ቆጪ ላይ በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ ሪሼ እዚህ ቢመጣ ኖሮ ያንኑ ያገኝ ነበር። ሞባይሌ በ40 ሰከንድ ውስጥ ያልለየውን ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ እያጠራቀመ ያሳያል።

ሰዓት ሠሪው፦ ይኼንኑ ሰዓት ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ላይ ብንሰቅለውስ?

ተማሪዋ፦ ኮረብታው ከዚህ 200 ሜትር ቢበልጥ እንኳ በቀን ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው የሚዘገየው። ያን ለማየት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሰዓት ሠሪው፦ በሳምንት ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ይቀያየራል። ይቺ የፔንዱለም ዘንግ ነሐስ ናት፤ ሲሞቃት ትለጠጣለች። በበጋ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ክረምት ሲገባ የሚቀድም ሰዓት ስንት መጥቶልኛል።

ተማሪዋ፦ ነሐስ በ10 ዲግሪ ሙቀት ሁለት በአሥር ሺህ ያህል ይረዝማል፤ በቀን ስምንት ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። የጅሬንን ሦስት ሰከንድ ውጦ ያስቀረዋል። ጋሼ፣ አንድ ያሳሰበኝ ነገር ግን አለ። ቀመሩ ውስጥ ስፋቱ የለም። ብዙ ስቤ ብለቀው ወይ ትንሽ ስቤ ብለቀው እኩል ነው ይላል። መጽሐፉ ደግሞ ግርጌ ላይ «ለትናንሽ አንግሎች» የሚል ጨምሯል። ትንሽ ማለት ስንት ነው?

ሰዓት ሠሪው፦ ጋሊሊዮ እኩል ነው ብሎ ነበር፤ ሰፊውም ጠባቡም። እንዳልሆነ ከእሱ በኋላ ታወቀ። ሰፊው ይዘገያል። አንቺው ስበሽ እዪው።

ተማሪዋ፦ የእርማቱ ቁጥር ደብተሬ ላይ አለ። በ10 ዲግሪ ሁለት በሺህ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በ30 ዲግሪ 1.7 በመቶ ነው። በ60 ከ7 በመቶ ያልፋል። ለላብ ሪፖርቴ የ10 ዲግሪው ምንም አይደለም፤ የጣቴ ስሕተት ይበልጠዋል። ለሰዓት ግን... ሁለት በሺህ ሊሞላ ከቀረው፣ በ86,400 ሲባዛ፣ ከ160 ሰከንድ በላይ! ከፓሪስ እስከ ጅማ ካለው ልዩነት ይበልጣል እኮ!

ሰዓት ሠሪው፦ ለዚህ ነው የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ሁለትና ሦስት ዲግሪ ብቻ የሚወዛወዘው። ይቺን መልሕቅ የመሰለች ቁራጭ ታያለሽ? የማርሹን ጥርስ አንድ በአንድ የምትለቀው እሷ ናት። ሥራዋን በጠባብ ውዝዋዜ ትሠራለች። የጥንቶቹ ግን ፔንዱለሙን በጣም ሰፊ አድርገው ነበር የሚያወዛውዙት፤ ስለዚህ ሁይገንስ ራሱ መፍትሔ ሲፈልግ የኖረበት ነገር ነው። ፔንዱለሙ ሲሰፋ ገመዱ በሁለት ጠምዛዛ ጉንጮች ላይ እየተጠመጠመ እንዲያጥር አደረገ።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ሪፖርቴ ላይ የምጽፈው ይኼ ነው። መጀመሪያ 38.2፣ ሃያ ተብሎ የተቆጠረ፣ በእውነቱ ግን አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ የዛሬዎቹ ሁለት ልኬቶች፣ ለየብቻ። ውጤት 9.77፣ ሲደመርም ሲቀነስም 0.1። 9.80 ብዬ አልጽፍም፤ ያን ያህል ጥርት አድርጌ አልለካሁማ።

ሰዓት ሠሪው፦ አስተማሪሽ ከ9.8 ጋር ልዩነቱን ቢጠይቁሽስ?

ተማሪዋ፦ የጅማን ስበት አሰላላቸዋለሁ። ፈተና ላይ 9.8 ተጠቀሙ ከተባልን ግን 9.8 እጠቀማለሁ፤ 10 ከተባልንም 10። እሱ ጥያቄውን ለማቅለል ነው፤ ልኬት አይደለም።

ሰዓት ሠሪው፦ በይ አሁን ለኔ ሥሪልኝ። የዚህ ሰዓት ፔንዱለም በሰከንድ አንዴ ይመላለሳል። ከክብደቱ ሥር ያለችው ዳዶ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ታነሣለች ወይ ታወርዳለች። አንድ ዙር በቀን ስንት ያመጣል?

ተማሪዋ፦ በሰከንድ አንዴ ከሆነ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 250 ሚሊ ሜትር። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለ250 ሁለት በሺህ። በግማሽ ሲቆረጥ አንድ በሺህ። በቀን 86 ሰከንድ። ዘንጉ ራሱ ትንሽ ክብደት ስላለው በግርድፉ ነው እንጂ።

ሰዓት ሠሪው፦ እኔ አንድ ዙር ደቂቃ ተኩል ብዬ ነው የኖርኩት። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ እጄ ነው ያወቀው። አራት ሰከንድ ብቻ ነው የተለያየነው!

ተማሪዋ፦ ሰዓቱ ምን ሆኖ ነው የመጣው?

ሰዓት ሠሪው፦ በቀን አራት ደቂቃ ይቀድማል።

ተማሪዋ፦ 240 ሰከንድ ለ86... 2.8። ሦስት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ታች።

ሰዓት ሠሪው፦ በይ አንቺው አዙሪያት። ክብደቱን በግራ እጅሽ ደግፈሽ ያዢ፣ ዘንጉ እንዳይጣመም። ነገ በዚህ ሰዓት ሪፖርትሽን አስረክበሽ ስትመለሺ እናየዋለን።